«ነፃ» የተባለ ቀበሌ ለምን ተመልሶ ሜዳ ይወጣል? ከይስሙላ ሽንት ቤት ወደሚገለገሉበት ሽንት ቤት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የምትሠራበት የደጋ ቀበሌ ከሁለት ዓመት በፊት «ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነፃ» ተብሎ ተመርቆ ባንዲራ ተሰቅሎለት ነበር። ዛሬ ከሽንት ቤቶቹ ገሚሱ ተንዷል፤ ከቆሙትም ብዙዎቹ የማገዶ ማስቀመጫ ሆነዋል፤ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን የሚባል በዓይን አይታይም። «የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። በየስብሰባው እናስተምራለን፣ ሕዝቡም አዎ ይላል፣ ነገር ግን ተመልሶ ጫካ ነው። ምን ቀረን?» ትላለች።

እህታችን፣ የጎደለው ትምህርት አይመስለኝም። ዓይነ ምድር በሽታ እንደሚያመጣ የቀበሌዎ ሰው ያውቃል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በቤቱም፣ በዕድሩም፣ በልጆቹ ትምህርት ቤትም ሲነገረው ኖሯል። ተመልሶ ሜዳ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሽንት ቤቱ ከሜዳው የባሰ ስለሆነበት ነው። ወለሉ ሲረገጥ ይነቃነቃል፣ ዝንቡ ከቀዳዳው እየወጣ ፊት ላይ ያርፋል፣ ክረምት ላይ ውሃ ይሞላዋል፣ በር ስለሌለው ሴቶች ይሳቀቃሉ። ከዚህ ይልቅ አየሩ ንጹሕ የሆነው ቁጥቋጦ ቢመረጥ አይገርምም። ስለዚህ ሥራው ከጉድጓዱ ይጀምር፤ ስብሰባው ኋላ ይደርሳል።

እዚህ እንዴት እንደተደረሰ ማወቁም ይጠቅማል። በቀበሌዎ የተካሄደው ቅስቀሳ፣ በሙያው ሰዎች አጠራር ሲኤልቲኤስ (በማኅበረሰቡ መሪነት የሚካሄድ አጠቃላይ ንጽሕና)፣ ካማል ካር የተባሉ ሕንዳዊ ባለሙያ በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ ባንግላዴሽ ውስጥ የጀመሩት ዘዴ ነው። ወደኛ አገር ከገባ በኋላ እጅ መታጠብ ተጨምሮበት በ2012 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የአተገባበር መመሪያ ወጥቶለታል። መንደርተኛውን በእግሩ እያዞረ የራሱን ዓይነ ምድር ያሳየዋል፤ ያኔ ይጸየፋል፣ ያፍራል፣ ያለ ድጎማ በእጁ ባለው እንጨትና ጭቃ ፈጥኖ ይሠራል። ዘዴው የመጀመሪያው ጉድጓድ መነሻ እንዲሆን፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እንዲሻሻል ነበር ያሰበው። በተግባር ግን ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ ተመልሶ የሚያይ ይጠፋል። ፕላን ኢንተርናሽናል የተባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በሴራሊዮን የተደረገ ጥናት «ነፃ» ከተባሉ መንደሮች ውስጥ የሚሠራ ሽንት ቤት ያጡት ቤተሰቦች 13 በመቶ ያህል መሆናቸውን አገኘ። ክዳኑም፣ ንጽሕናውም፣ እጅ መታጠቢያውም ከነሳሙናው ወይም ከነአመዱ ተሟልቶ ይቆጠር ሲባል ግን መስፈርቱን የሳቱት 92 በመቶ ደረሱ። ጉድጓዱ ሳይናድ በፊት እጅ መታጠቢያው ይጠፋል ማለት ነው። የእናንተም ቀበሌ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ስብሰባው ለአንድ ሳምንት ይቅርና ደብተር ይዘው ቤት ለቤት ይዙሩ። «ትጠቀሙበታላችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ ለእርስዎ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። ምልክቱን ይዩ። ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስደው መንገድ ሣር በቅሎበታል? ቀዳዳው ላይ ሸረሪት አድርቶበታል? የክዳኑ መያዣ አቧራ ለብሷል ወይስ በእጅ ብዛት ተወልውሏል? አጠገቡ አመድ ካለ፣ የዛሬ ነው ወይስ ዝናብ የደበደበው? ከአጥሩ ሥር፣ ከጭድ ክምሩ ጀርባና ከጓሮው በኩል ያለውንም ማየት ነው። ከዚያ ልጆቹን ያነጋግሩ። አባወራው «ደህና ነው» ያለውን ሽንት ቤት ልጅ «ይደረመሳል» ወይም «ውስጡ እባብ አለ» ብሎ ቁርጡን ይነግርዎታል።

ከእያንዳንዱ ቤት ስም አንጻር ዋናውን ምክንያት ይጻፉ፦ ተንዷል፣ ሞልቷል፣ ያስፈራል፣ ይሸታል፣ ከለላ የለውም፣ ወይም መጀመሪያውኑ ለቁጥጥር ሲባል የተቆፈረ ነው። ዙሩ ሲያልቅ የቀበሌው በሽታ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይታያል። የተናደበትንና የሚሸትበትን ሰው አንድ ላይ ሰብስቦ አንድ ትምህርት መስጠት የሁለቱንም ጊዜ ማባከን ነው።

ጉድጓዱ ለምን ይናዳል?

ደጋ ላይ ዋነኛው ጠላት ክረምትና ዋልካ ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ይህ በየዓመቱ ሲፈራረቅ የጉድጓዱን ግድግዳ እየቀረፈ ወደ ውስጥ ይጥለዋል። ሁለተኛው ጥፋት አራት ማዕዘን አድርጎ መቆፈር ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ ከጎን የሚመጣውን የአፈር ግፊት ብቻውን ሲሸከም፣ ክብ ጉድጓድ ግን ዙሪያውን አፈሩ እርስ በርስ ተደጋግፎ ያቆመዋል። ሦስተኛው ከላይ የሚገባው ጎርፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ ንደቱ የሚጀምረው ከአፉ ነው።

አዲስ ሲቆፈር ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ክብ፣ ጥልቀቱ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ይሁን። ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ደግሞም ከውሃው በታች ባለው ተዳፋት በኩል ይሁን። የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ይህን የሚለኩት በነሐሴ በሚኖረው የውሃ ደረጃ ነው፣ በጥር ደረቅ የሆነው ጉድጓድ ክረምት ላይ ከሥሩ ውሃ ሊያፈልቅ ይችላልና። ከቤት ከ6 ሜትር ያነሰ ከሆነ ሽታው ያስቸግራል፤ ከ20 ሜትር ከበለጠ ደግሞ ሌሊት ማንም አይሄድም። ቆፋሪ ብቻውን አይቁፈር፤ የወጣው አፈር ከአፉ ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ ይከመር። አሸዋማ ወይም የላላ አፈር ከገጠመና ግድግዳው ካልለበሰ ከወገብ በታች መውረዱን ማቆም ነው፤ ሰው ላይ የሚናደው እንዲህ ያለው ነው።

ስንት ዓመት ያገለግላል የሚለው ሒሳብ አያስቸግርም። በደረቅ ጉድጓድ አንድ ሰው በዓመት ወደ 60 ሊትር ይሞላል፤ በድንጋይና በመሳሰለው የሚጠራረጉ ከሆነ እስከ 90 ይሄዳል። 1 ሜትር ወርድና 2.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ፣ የላይኛው ግማሽ ሜትር ባዶ ስለሚተው፣ 1.5 ሜትር ኩብ ግድም ይይዛል። ስድስት ሰው ያለበት ቤት በዓመት 360 ሊትር ቢሞላ ከአራት ዓመት በላይ ይቆይለታል። በቅስቀሳው ጥድፊያ ሜትር ተኩል ብቻ የተቆፈረው ግን በሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ያልቅለታል። የእናንተ ችግር ልክ በሁለተኛው ዓመት መምጣቱን ከዚህ ጋር ያስተያዩት።

ጠንካራ ቀይ አፈር ከሆነ የላይኛውን ግማሽ ሜትር አንገት በድንጋይና በጭቃ መገንባት ይበቃል። ዋልካ ወይም አሸዋማ ከሆነ ግን ከሥር እስከ ላይ ማልበስ ግድ ነው። ከታች ያለው ክፍል ያለ ጭቃ በተደረደረ ድንጋይ ይሠራ፤ ፈሳሹ በክፍተቱ ወደ አፈሩ ይስረግ። ድንጋይ ከሌለ አፈር የተሞላ የማዳበሪያ ጆንያ በክብ እየተነባበረ፣ ቀርቀሃ ባለበትም የቀርቀሃ ማቀፊያ ተጎንጉኖ ይገባል። አንገቱ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ የወጣው አፈር ዙሪያውን ወደ ውጭ እያዘቀዘቀ ይጠቅጠቅ፤ ከላይኛው ተዳፋት በኩል 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የጠለቀ የውሃ መውረጃ ቦይ ይውጣለት። ይህች ቦይ ግማሽ ቀን የማትፈጅ ሥራ ናት፤ እሷን በመተው ብቻ የሚጠፋው ጉድጓድ ግን ብዙ ነው።

ወለሉ ላይ የሚጋደመው እንጨት ከጉድጓዱ ጫፍ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ያህል ማለፍ አለበት። ጠርዙ ላይ ብቻ ካረፈ ጠርዙ ሲሸራረፍ አብሮ ይወርዳል። ጽድ ወይም ወይራ ቢገኝ ጥሩ ነው፣ ምስጥም መበስበስም ይቋቋማሉ። ያለው ባሕር ዛፍ ብቻ ከሆነ ልጡ ተልጦ፣ በደንብ ደርቆ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሁለት ጊዜ ይቀባ። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ እንጨቱን በድጅኖ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጎ መፈተሽ ነው፤ ጫፉ በቀላሉ ከገባ እንጨቱ አልቆለታልና ይቀየር። ልጆች ሽንት ቤት የሚፈሩት በሰበብ አይደለም፤ ወለሉ ሲነቃነቅ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል።

ከእንጨቱ በላይ ጭድ የገባበት ጭቃ ይመረጋል። ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ በቀጭን ጭቃ ድጋሚ ይመረግና በእበትና በአመድ ይለቀለቃል። እንዲህ ያለ ወለል ጥሩ ነው፣ ችግሩ መታጠብ አለመቻሉ ነው፤ ሽንት ይመጠውና ያ የሚያቅለሸልሸው ሽታ የሚመጣው ከጉድጓዱ ሳይሆን ከወለሉ ይሆናል። ስለዚህ ገንዘብ ከተገኘ መጀመሪያ የሚገዛው ሲሚንቶ ነው። ወለሉን በሙሉ መሸፈን የግድ አይደለም። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላት ትንሽ ስላብ መሐል ላይ ብትቀመጥ እግርም ቀዳዳውም እሷ ላይ ነው። ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ነው፤ አራት አምስት ቁራጭ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይገባባታል። በዚህ ሒሳብ ከአንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ስድስት ሰባት ስላብ ይወጣል፤ ስድስት ጎረቤት ተዋጥቶ አንድ ከረጢት መግዛት ይችላል። ከፈሰሰ በኋላ ለሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ። በሁለተኛው ቀን የሚያነሣት ሰው የተሰነጠቀች ስላብ ነው የሚወስደው።

ቀዳዳው 18 ሳንቲ ሜትር ወርድና ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይኑረው። ከዚህ ከሰፋ ሕፃን ሊገባበት ይችላል፤ እናቶችም ልጆቻቸውን ደጅ የሚያስቀምጡት ይህን ፈርተው ነው። ርዝመቱ ካነሰ ደግሞ ወለሉ ይበከላል። ከሥሩ የሚታጠፍ ክዳን ያለውን «ሳቶ» የተባለውን የፕላስቲክ መቀመጫ የሚሸጡበት ገበያ ቅርብ ከሆነ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ከአንድ ሊትር ያነሰ ውሃ ይበቃዋል፣ ሽታና ዝንብም ይቀንሳል። በድንጋይ ወይም በቅጠል የሚጠራረግ ቤት ግን አይግዛው፤ ታጣፊው ክዳን ተወትፎ ይቀራልና።

ክዳኑ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ዝንቡንም ሽታውንም የሚወስነው እሱ ነው። አብዛኞቹ ክዳኖች ጠፍጣፋ እንጨት ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ናቸው፤ ለማንሣት ጎንበስ ብሎ የተበከለውን ጠርዝ መንካት ይጠይቃሉ፤ ማንም አይነካውምና ግድግዳ ተደግፈው ይቀራሉ። ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ የእንጨት እጀታ ይተከልበት፤ ቆሞ ማንሣት፣ ቆሞ መክደን ይቻላል። ከተጠቀሙ በኋላ አንድ እፍኝ ደረቅ አመድ ይጣል። የገላና የልብስ እጣቢ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ አይፈስስ፤ ውስጡ ሲረጥብ ግማቱ ይብሳል፣ ትንኝም ይራባበታል። የአየር ማስወጫ ቱቦ የሚያቆም ካለ ወርዱ ቢያንስ 11 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከጣሪያው በላይ ግማሽ ሜትር ይውጣ፣ ጫፉ በወንፊት ይሸፈን፣ ክፍሉ ጨለም ይበል፣ አየር እንዲዘዋወርም ቀዳዳው በክዳን አይታፈን። እውነቱን ለመናገር ግን ለገጠር ቤት ቱቦ ቅንጦት ነው፤ ያው ገንዘብ ለሲሚንቶ ቢውል ይሻላል።

ዝንብና ዓይን

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከዓይን ወደ ዓይን ትራኮማን የምታስተላልፈው፣ ሙስካ ሶርቤንስ የምትባለው ዝንብ እንቁላሏን መጣል የምትመርጠው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው፤ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ አትራባም። ስለዚህ ለትራኮማ ሲባል የሚያሰጋው ክዳን የሌለው ጉድጓድ ሳይሆን ከቤቱ ጀርባ የተጣለው የሕፃኑ ዓይነ ምድር ነው። ይህን ለእናቶች ሲነግሩ ከዓይን ጋር አያይዘው ይንገሩ። ተቅማጥ ይመጣል ይሄዳል፤ የአያትን ዓይን ያጠፋ በሽታ ግን በቤቱ ይታወቃል። የልጁን ፊት ጠዋትና ማታ ማጠብም አብሮ ይነሣ፤ ዝንቧን ወደ ዓይን የሚጠራት እንባና ንፍጥ ነው።

የሕፃን ዓይነ ምድር ከአዋቂው የባሰ ጀርም ቢይዝ እንጂ አያንስም፤ «የልጅ ምን አለው» የሚባለው ግን በሁሉም ቤት ነው። መቀመጥ ለጀመረ ልጅ ፖፖ፣ ፖፖ ከሌለ የተቆረጠ ጀሪካን ጠርዙ ለስልሶ በቂ ነው፤ ሥሩ ላይ አመድ ይነስነስበት፣ ወደ ጉድጓዱ ሲገለበጥ ሳይጣበቅ ይወርዳል። የታጠበበት ውሃም ወደዚያው ይሂድ። ይህ ውሃ ትንሽ ስለሆነ ጉድጓዱን አያረጥብም።

ከብቱና ዶሮው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በኬንያና በዚምባብዌ ተካሂደው ውጤታቸው በ2018 እና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልልቅ ሙከራዎች የተሻሻለ ሽንት ቤት፣ እጅ መታጠቢያና የውሃ ማከሚያ ተሰጥቷቸው የሕፃናቱ ተቅማጥ እንዳልቀነሰ አሳዩ። ብዙ ባለሙያዎች ይህን ሲተረጉሙ አንድ መንገድ ተዘግቶ ሌላው ክፍት ቀርቷል ይላሉ፤ በግቢው ውስጥ የሚዳኸው ልጅ አፉ ውስጥ የሚከተው አፈር የዶሮ ኩስ አለበት። ደጋ ላይ ከብርድና ከሌባ የተነሣ ከብት ከሰው ጋር ማደሩን ባንድ ቀን ማስቀረት አይቻልም። ከፍ ያለ አጥር ወይም መከፋፈያ፣ ሕፃኑ የሚዳኽበት የጸዳ ምንጣፍ፣ ለዶሮ የሌሊት ቆጥ ግን ይቻላል። ከዚያ የሚበልጠውን ቀስ ብሎ ነው።

ጀሪካኖቹ ወዴት ሄዱ?

ጀሪካን ገንዘብ ነው። ደህናው ባለ 5 ሊትር ለውሃ፣ ለዘይት፣ ለጠላ ይፈለጋል፤ ገምጋሚው ሲሄድ ተፈትቶ ቤት ይገባል። ስለዚህ ለመታጠቢያ የሚመረጠው አፉ የተሰነጠቀ፣ ለሌላ የማይሆን ጀሪካን ነው። በጋለ ምስማር ከክዳኑ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትበሳለታለች፤ ውሃው ከቀዳዳዋ በታች እስኪሆን ይሞላል። ሁለት ባላ እንጨት ግማሽ ሜትር ተቆፍሮ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው ይተከላሉ፣ አግዳሚው በጀሪካኑ እጀታ ውስጥ ያልፋል፣ ከክዳኑ የሚወርደው ገመድ መሬት ላይ ካለው መርገጫ እንጨት ጋር ይታሰራል። ሲረግጡት ጀሪካኑ ዘንበል ብሎ ይፈስሳል፤ የተበከለ እጅ ምንም አይነካም። ከሥሩ ጠጠር ካልተደረገ ግን በሳምንቱ ረግረግ ይሆንና ሰው ይሸሸዋል። የደጋ ጠዋት ውርጭ ስላለው የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ይተከል፤ ልጅ የቀዘቀዘ ውሃ አይነካም።

ስድስት ሰው በቀን አምስት አምስት ጊዜ ቢታጠብ፣ በአንድ ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር ቢፈጅ፣ 3 ሊትር ነው። «ውሃ ሩቅ ነው» ለሚል ሰው ይህን ማስላት ይጠቅማል። መሙላቱ የሁሉም ከሆነ የማንም አይሆንም፤ ለአንድ ልጅ በስሙ ይሰጥ፣ ማታ ከብት ሲገባ እሱም ይሙላ።

ደረቅ ሳሙና ደጅ አይውልም፤ ውሻ ይወስደዋል፣ ዝናብ ያሟሟዋል፣ ለልብስም ይፈለጋል። 1.5 ሊትር ውሃ በያዘ ሃይላንድ ውስጥ 30 ግራም የዱቄት ሳሙና በጥብጦ፣ ክዳኑን በምስማር በስቶ ማንጠልጠል ይሻላል፤ ርካሽ ነው፣ ለልብስም ብዙ ስለማይጠቅም ማንም አያነሣውም። እሱም ከታጣ አመድ፣ ግን ክዳን ባለው ጣሳ ይቀመጥ። ሁለተኛ መታጠቢያ ደግሞ ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ያስፈልጋል፤ ሊጥ የምታቦካ እናት ሽንት ቤት ድረስ ሄዳ አትታጠብም። እንግዳ ሲበላ እጅ ማስታጠብ በየቤቱ ያለ ወግ ነው። ነገር ግን ከምግብ በፊት በውሃ ብቻ ይለቀለቅና ሳሙናው የሚመጣው ከበሉ በኋላ የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ ነው። ወጉ ሳይነካ ሳሙናውን ወደ ፊት ማምጣት ብቻ ነው፤ አዲስ ልማድ ከመትከል ይህ እጅግ ይቀላል።

ሰዉን በማን በኩል?

የማስጸየፍ ዘዴው መጀመሪያ ላይ ይሠራል፤ ሁለተኛ ሲደገም ሳቅ ይሆናል። ከፈለጉ ሒሳቡን ብቻ ይደግሙት፣ ያውም እነሱ ራሳቸው ያስሉት፦ አንድ ሰው በቀን ሩብ ኪሎ ቢጥል፣ ስድስት ሰው ያለበት መቶ ቤት በዓመት ወደ 550 ኩንታል ይሆናል። ከጤፍ ምርታቸው ጋር ማነጻጸሩን ለእነሱ ይተዉት።

ማዳበሪያ ወይም ሴፍቲኔት እንከለክላለን ብሎ ማስፈራራት ግን ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። ውጤቱ ይታወቃል፦ የሜትር ጉድጓድ፣ አራት እንጨት፣ አንድ ጆንያ መጋረጃ፤ ከጉብኝቱ ማግስት ማገዶ ማስቀመጫ። ያላችሁን ይስሙላ የወለደው ይኸው ነው ብል አልሳሳትም።

ሰው ቤቱን የሚያድስበትን ጊዜ ይከተሉ። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ቤት ይለቀለቃል፣ ጥር ላይ ሰርግ ያለበት ግቢ ይጸዳል፤ የሽንት ቤቱ ወለል ከዚያው ጭቃና እበት ይድረሰው። ሰርግ ያለበት ሰው ለእንግዳ ብሎ ከጥር በፊት በር ይሠራል፤ ያን ሰሞን ስላቡን ይዘው ቢደርሱ ጆሮ ያገኛሉ። ዕድሩም እንዲሁ። ለለቅሶ የሚሰበሰበው ሕዝብ የት ይጸዳዳል የሚለው ለራሱ ለዕድሩ ጉዳይ ስለሆነ፣ ከድንኳኑ ጋር አብሮ አንድ መታጠቢያ ጀሪካንና ሳሙና ይዞ የሚሄድ ተረኛ ይመደብ። የንስሐ አባት በየቤቱ ስለሚገባ፣ ኢማሙም ስለ ንጽሕና ስለሚያስተምር፣ ቃላቸው ከእርስዎ ቃል ይልቅ ይሰማል፤ በቅድሚያ ግን የእነሱ ቤትና የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ ግቢ ሽንት ቤት ይስተካከል፤ ሰው የሚያየው እሱን ነው።

መቆፈር የማይችሉ አረጋውያንና ባል የሞተባቸው እናቶች ስም ለብቻ ይመዝገብ። ለእነሱ በወንፈል ወይም በደቦ ነው፤ አፈሩ ደህና ከሆነ ሁለት ጎልማሶች በሁለት ቀን አንድ ጉድጓድ ያወጣሉ። ማሳው ሩቅ ለሆነ ገበሬ ደግሞ ቤትህ ድረስ ተመለስ ማለት ቀልድ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በዶማ ቆፍሮ፣ ተጠቅሞ፣ አፈር መመለስ ይበቃዋል፣ ከወንዝና ከምንጭ ይራቅ እንጂ። የጋራ ሽንት ቤት ገበያ ላይ ለመሥራት የምታስቡ ከሆነ የሚያጸዳው ሰውና ደመወዙ ሳይታወቅ አንድ ብሎኬት እንዳይቀመጥ።

ቁፋሮው ከጥር እስከ መጋቢት ይሁን፤ መኸሩ ገብቷል፣ መሬቱ ደርቋል፣ ጉልበት አለ። ሰኔ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ሳይከደን ዝናብ ይደርስበታል። ሁለተኛው የቤት ለቤት ዙር መስከረም መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ክረምቱ የጎዳው ሁሉ ያኔ በገሃድ ይታያል፣ የተሸረሸረ አንገትም ሳይናድ በግማሽ ቀን ይጠገናል። ሪፖርትዎ ላይ የሚሞሉት «ሽንት ቤት ያለው» የሚለውን ብቻ ከሆነ የራስዎን ደብተር ለብቻ ይያዙ፤ «መንገዱ የተረገጠ፣ ክዳኑ የተከደነ፣ ጀሪካኑ ውሃ ያለው» የሚሉ ሦስት ዓምዶች ይበቃሉ።

የሞሉትን በተመለከተ፣ ጉድጓዱ ከአፉ ግማሽ ሜትር ሲቀረው አገልግሎቱ ይቁምና ቀሪው በአፈር ይደፈን፤ ስላቧ ታጥባ ወደ አዲሱ ጉድጓድ ትሂድ። የተደፈነው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተከፍቶ ለማዳበሪያ እንዳይወጣ፤ የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። እስከዚያው ላዩ ላይ ዛፍ መትከል ይቻላል፤ ጎመንና ካሮት ግን አይተከልበት።